በመዶሻ የተመቱት ሁለት ክኒኖች

ጋሽ ጓ በሕይወቱ ያልመታው ነገር ቢኖር ዝናብ ብቻ ነው ይላሉ የጋራዡ ሰዎች፤ እሱንም ቢሆን መያዣ ቢያገኝለት አይምረውም ነበር። ሥራው ባትላሜራ ነው። ተጋጭቶ የተጨማደደ መኪና ይመጣለታል፣ እሱ ደግሞ ከውስጥ በጠፍጣፋ ብረት ደግፎ ከውጭ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመልሰዋል። ሠላሳ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሯል። ስሙንም ያወጣለት መዶሻው ነው፦ ጓ! ጓ! ጓ! ጆሮው በዚሁ ድምፅ ግማሹ ሄዷል፤ ስለዚህ ሲያወራ ይጮኻል፣ ሲጸልይ ይጮኻል፣ ምስጢር ሲነግርህ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል።

ለእሱ በዓለም ላይ ያለ ችግር ሁሉ የጎበጠ ቆርቆሮ ነው። ሬዲዮ ሲንኮሻኮሽ በቡጢ ይለዋል፣ ይስተካከላል። በር አልከፈት ሲል በእርግጫ ይለዋል፣ ይከፈታል። አንድ ጊዜ ጥርሱን ሲያመው የገዛ ጉንጩን በጥፊ አጩሎ "ዝም በል!" አለው፤ ጥርሱም፣ ነገሩ ይገርማል፣ ዝም አለ። ትልቁ መዶሻ ጋራዥ ሲያድር ትንሿ መዶሻና ጠፍጣፋዋ ብረት ግን ከወገቡ አይለዩም። ሚስት ያላገባውም መዶሻዋን ትራሱ ሥር ስለሚያስቀምጥ ነው እያሉ ያሙታል።

ያለው አንድ ወንድም ነው። ትንሹ ይባላል፤ በቁመት ጋሽ ጓን በአንድ ክንድ፣ በወርድ በአንድ ተኩል ይበልጠዋል። እዚያው ጋራዥ መካኒክ ነው። ከመኪና ሥር ያለው ሥራ የትንሹ፣ ከላይ ያለው የጋሽ ጓ። በሁለቱ መካከል አንዲት ሕግ ነበረች፤ በወረቀት ያልተጻፈች፣ አንድም ቀን ያልተሻረች። መኪና በክሪክ ተነስቶ ከቆመ ጋሽ ጓ ከመምታቱ በፊት "ውጣ!" ብሎ ይጮኻል፤ ከሥር "ወጥቻለሁ፣ ምታ!" የሚል መልስ ካልሰማ መዶሻው ከትከሻው አይወርድም።

የዚያን ቀን ረፋድ ላይ ኋላው የተጨፈለቀ ፒካፕ በክሪክ ተነስቶ ቆሟል። ትንሹ ሥሩ ተንጋሎ ከዛገ ብሎን ጋር ይሰዳደባል። ጋሽ ጓ የጋራዡ ቀለም ቀቢ በነገረው ቀልድ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ መጣ፤ እየሳቀ አምስት ኪሎውን መዶሻ አነሳ፤ እየሳቀም የጎበጠው ሻንሲ ላይ አሳረፈው። ጓ!

"ውጣ" አላለም።

ክሪኩ አንድ ጊዜ ተንገዳገደና ወደቀ። ፒካፑ ተከተለው። መጀመሪያ የተሰማው ጩኸት አልነበረም፤ እርጥብ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ቀጭ የሚል ድምፅ ነበር። ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ሲመጣም የጋራዡን ቆርቆሮ ጣሪያ አንቀጠቀጠው።

ጋሽ ጓ የፒካፑን ጎን በሁለት እጁ ይዞ አነሳው። ቀለም ቀቢው ዛሬም ይምላል፦ ብቻውን ነው ያነሳው። ሁለት ጥፍሮቹ እዚያው ላሜራው ላይ ቀሩ። ትንሹን በብብቱ ጎትተው ሲያወጡት ቀኝ ጭኑ መሐል ላይ ታጥፎ እግሩ ወደ ኋላ ዞሯል፤ ደሙ መሬት ላይ ካለው የሞተር ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ጥቁር ሆኖ ይፈሳል። ጭነውት ሲሄዱ ለጋሽ ጓ ቦታ አልተረፈም። እሱም ክሪኩን አንስቶ መሬት ላይ አጋደመውና ይቀጠቅጠው ጀመር። እንደ ሰው እየሰደበ፣ እናቱን እየጠራ፣ ምራቁን እየተፋ፣ ክሪክ መሆኑ እስኪጠፋ ድረስ ቀጠቀጠው።

"ክሪኩ ነው!" ይላል በእያንዳንዱ ምት። "ክሪኩ ነው! ክሪኩ ነው!"

ሰዎቹም አዝነው "አዎ፣ ክሪኩ ነው" አሉ። "ውጣ" አለማለቱ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። እሱ ግን ያውቃል።

ሐኪሞቹ ትንሹን ሁለት ጊዜ ቀደዱት። ጭኑ ውስጥ ዘንግ አስገቡ፣ ዳሌውን በብሎን አሰሩት። ትንሹ ከሰመመን ሲነቃ የመጀመሪያ ንግግሩ "ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለህ፤ ከእንግዲህ ብጎብጥ ራስህ ታቃናኛለህ" የሚል ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ጓ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከሆስፒታል የወጣ ቀን የመድኃኒቱን ነገር የምትረከበው የትንሹ ሚስት ነበረች፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ሚሊ ሜትር የማታልፋት ሴት። ጋሽ ጓም አብሮ ሊሰማ መጥቶ ነበር። በሩ ላይ ዘበኛው አቆመው።

"አባት፣ መዶሻዋን እዚህ ይተዉና ይግቡ።"

"መዶሻዋን? መዶሻዬን? ለምን፣ ሆስፒታሉን ላፈርሰው ነው?"

"ሕግ ነው።"

"ሱሪህንስ አውልቀህ ግባ ብልህ ትገባለህ?"

እንዲህ ተባባሉ፣ ከዚያ ተገፋፉ፣ ከዚያ ኮት ለኮት ተያያዙ፤ የዘበኛው ቆብ ከአጥሩ ማዶ ወደቀ፣ የጋሽ ጓ ሸሚዝ እስከ እምብርቱ ተቀደደ። በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ፋርማሲስቱ፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ አዛውንት፣ ለልብስ ሰፊዋ ጣታቸውን እያነሱ ያስረዷት ነበር።

"ይህ ሞርፊን ነው፣ የኔ ልጅ። ክኒኗ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀስ እያለች ነው የምትለቀው። ጠዋት አንድ ሰዓት አንድ፣ ማታ አንድ ሰዓት አንድ። እንዳለች በውሃ ትዋጣለች። አትፈጭም፣ አትሰበርም፣ አትታኘክም። ብትፈጭ የአሥራ ሁለት ሰዓቱ ባንድ ጊዜ ነው ሰውየው ላይ የሚወርድበት። በመሐል ከባሰበት ከዚች ሽሮፕ በዚች መለኪያ አንድ ብቻ፤ ካልበቃው መደወል ነው እንጂ በራስ መጨመር የለም። መጠጥ ጨርሶ፣ የእንቅልፍ መድኃኒት ጨርሶ አይነካም። ይህኛው ደግሞ ሆዱ እንዳይደርቅ ነው፤ እሱን ቢረሳ ራሱ ያስታውስሻል። ሁሉንም ቆልፈሽ አስቀምጪ። ለማንም አይሰጥም፣ ጎረቤት ወገቤን ቢልም።"

ልብስ ሰፊዋ ቤቷ ገብታ ሁሉንም በልብስ መቁረጫ ጠመኔዋ በቁምሳጥኑ በር ላይ ጻፈችው። በየቀኑ የሰጠችበትን ሰዓት ከሥሩ ታሰምራለች። ክኒኖቹን የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችና ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አሰረች። ለጋሽ ጓ ያለችው አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፦

"ጋሼ፣ መሳቢያውን ማንም እንዳይነካ።"

እሱም "ማን አባቱ ይነካል!" ብሎ ጮኸ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሕመሙ ጥርስ አወጣ። ትንሹ ቀኑን ሙሉ ደህና ቆይቶ ከሰዓት በኋላ ይጀምረዋል። ትራሱን ይነክሳል፣ የአልጋውን ብረት ይዞ ይነቀንቃል፤ አንድ ቀን ጀበናና ብርጭቆ ሳይለይ የደረሰበትን ሁሉ ወረወረ፣ መስታወቱም በዚያው ሄደ። ጋሽ ጓ ከሥራ እየቀረ አጠገቡ ይቀመጣል። እያንዳንዷ ጩኸት ከፒካፑ ሥር እንደ አዲስ ትወጣለች። የቀረበለትን ምግብ ሳይነካ ይመልሳል።

ከግድግዳው ማዶ አናጢ አለ። መጋዙ በተነሳ ቁጥር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ አልጋው ይንቀጠቀጣል፣ ትንሹ ይጮኻል። አንድ ጠዋት ጋሽ ጓ ብድግ ብሎ ሄደ።

"ማሽንህን አጥፋ!"

"ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው ጋሽ ጓ። አንተ ሠላሳ ዓመት ስታደነቁረን ዝም አላልንም?"

መልሱ ቡጢ ነበር፤ ቀኝ ዓይኑ ላይ። አናጢውም ዋዛ አይደለም፤ የቀረበለትን ጣውላ አንስቶ ጀርባው ላይ ሰበረበት። ተያይዘው ፍቅፋቂው ውስጥ ተንከባለሉ፣ ተናከሱ፣ አናጢው ጺሙን ያዘው፣ ጋሽ ጓ ጆሮውን ያዘው። ሰው ገብቶ ሲያላቅቃቸው ሁለቱም በፍቅፋቂ ተለውሰው ሊጠበስ የተዘጋጀ ዓሣ መስለዋል። መጋዙ ግን ጠፋ። ጋሽ ጓ ደሙን ከከንፈሩ እየላሰ ተመለሰና "አየህ፣ የተመታ ነገር ይስተካከላል" አለው ወንድሙን።

በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ልብስ ሰፊዋ የሰፋችውን የተማሪ ዩኒፎርም ልታስረክብ መውጣት ነበረባት።

"ጋሼ፣ የጠዋቷን ወስዷል። ሽሮፑንም አሁን ሰጥቼዋለሁ። እስከ ማታ አንድ ሰዓት ሌላ የለም። ቢጮህ እጁን ይያዙለት። ካልቻለ ለሆስፒታሉ ሲስተር ይደውሉ፣ ቁጥሯ ቁምሳጥኑ በር ላይ አለ። እሷ ታውቃለች።"

"ሂጂ፣ ሂጂ! እኔ እያለሁ!"

ሄደች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትንሹ ጀመረው።

መጀመሪያ አቃሰተ። ከዚያ ጮኸ። ከዚያ ላብ አጥምቆት፣ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ የወንድሙን አንገት በዚያ ግዙፍ እጁ አነቀና ወደ ፊቱ ሳበው።

"ጋሼ፣ በናትህ፣ ያንን መዶሻ አምጣና ግንባሬን በለኝ። አንድ ጊዜ። አትራራ።"

"ቻለው! የኔ አንበሳ፣ ቻለው!"

"ክኒኗን ስጠኝ።"

"ሰዓቷ አልደረሰም።"

"ጠላቴ ነህ? የገዛ ወንድሜ ነህ ወይስ ጠላቴ?"

ጋሽ ጓ በሩ ላይ ካለው ጽሑፍ ሁሉ ቁጥሩን ብቻ አየ። ስልኩን አየ። ደውሎ ምን ሊል ነው? ወንድሜ ያለቅሳል? ሴትዮዋ ደግሞ "ይጠብቅ" ልትለው ነው፤ መጠበቅ ደግሞ እሱ የማይችለው የሥራ ዓይነት ነው። መዶሻዋን ከወገቡ መዘዘ። የስፌት መኪናውን መሳቢያ አንድ ጊዜ መታው፣ ቁልፉ ተጣመመ። ሁለተኛ መታው፣ እንጨቱ ተሰነጠቀ። በሦስተኛው መሳቢያው ከነአንጀቱ ወጣ፤ ክሩ፣ መርፌው፣ የሸሚዝ ቁልፉ ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ የክኒኑም ዕቃ በመሐል።

"ፍጠን!" አለ ትንሹ። "እሷ እኮ ለመሥራት አንድ ሰዓት ትፈጃለች!"

እዚህ ላይ ነው የባትላሜራ አእምሮ የሠራው። ወፍራም ብረት ቀስ ብሎ ይግላል። ተቀጥቅጦ የሳሳ ብረት ግን ወዲያው ይቀላል። ይህን ሠላሳ ሁለት ዓመት በእጁ ያየው ነገር ነው፤ ማን ሊነግረው? ጠፍጣፋዋን ብረት አወጣ፣ ሁለት ክኒን አስቀመጠባት፣ ሁለት፣ አንዷ ለሕመሙ፣ አንዷ ለካሳ፣ እና ጓ! ዱቄት ሆኑ። ቁምሳጥን ውስጥ ለእንግዳ ከተቀመጠው መጠጥ ግማሽ ብርጭቆ ቀዳና ዱቄቱን በጣቱ በጠበጠበት።

ትንሹ ባንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ጩኸቱ ቀነሰ። የአልጋው ብረት መነቅነቁን አቆመ። የተጨበጠው ቡጢ ቀስ እያለ ተፈታ። ትንሹ ፈገግ ብሎ "ጋሼ... አንተ ሐኪም ነህ" አለና ዓይኑን ከደነ። ጋሽ ጓ ደስታው ልክ አጣ! ወለሉ ላይ የተበተነውን መርፌ እየለቀመ አንጎራጎረ። ወንድሙ ማንኮራፋት ሲጀምር ደግሞ "ጎሽ! አንኮራፋ! ሆስፒታል ሙሉ ሰው ያቃተውን!" አለ። ጥልቅ፣ እርጥብ፣ እንደተደፈነ ቱቦ የሚንጎረጎር ማንኮራፋት ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። የያዘችው ፌስታል ከእጇ ወደቀ።

"ይሄ የሱ ማንኮራፋት አይደለም" አለች። "አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ። ይሄ የሱ አይደለም።"

ገብታ ነቀነቀችው። አልነቃም። ጆሮው ሥር ጮኸች። አልነቃም። በጣቷ አንጓ ደረቱን አጥብቃ ፈተገችው፤ ቅንድቡ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። የዓይኑን ሽፋን ገለጥ ስታደርግ ብሌኑ የመርፌ ጫፍ አክሏል። ከዚያ ዞር ስትል የተሰበረውን መሳቢያ፣ ብርጭቆውን፣ ነጭ ዱቄት የተለቀለቀችውን ብረት አየች።

ጋሽ ጓን በዚያች ትንሽ እጇ ያጮለችው ጥፊ ከአናጢው ጣውላ የበለጠ ነበር።

"ገደልከው!" አለች። በሕይወቷ አንተ ብላው አታውቅም። "በመኪና አልሞት ሲልህ በመዶሻህ ገደልከው!"

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ለሲስተሯ ደወለች። የሲስተሯ ድምፅ ፈጣንና ቀዝቃዛ ነበር።

"ስንት ወሰደ? በምን ወሰደ? እውነቱን።"

ጋሽ ጓ ያለ የሌለ ድምፁን አወጣ። "ሁለት! እኔ ነኝ የፈጨሁት! በመዶሻ! በመጠጥ አድርጌ ሰጠሁት!" ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ይሰማ።

"ትንፋሹን ቁጠሩ።"

ልብስ ሰፊዋ ሰዓቷን ይዛ ቆጠረች። በደቂቃ አራት። ከንፈሩ እንደ ሰማያዊ ክር ሆኗል።

"አሁን ስሙኝ። ውሃ እንዳታፈሱበት። ምንም እንዳታጠጡት። በጀርባው አስተኙት፣ አገጩን ወደ ላይ አቅኑት፣ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ ንፉለት። በየአምስት ሰከንዱ አንዴ። ደረቱ ከፍ ሲል እዩ። ሳታቋርጡ ይዛችሁ ኑ፤ እኔ የማንቂያውን መርፌ ይዤ በር ላይ ነኝ።"

ጋሽ ጓ ግን እጁ እንደለመደው ነው። የወንድሙን ኮሌታ ይዞ በጥፊ ማጮል ጀመረ። "ተነስ! ተነስ አንተ! ተነስ!" አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የትንሹ ጭንቅላት እንደ ጨርቅ ወዲያና ወዲህ ይወድቃል።

"መምታቱ ይብቃህ!" ብላ ጸጉሩን ይዛ ጎተተችው። "ንፋ!"

ነፋ። መጀመሪያ ጎማ እንደሚነፋ ሰው በሙሉ ኃይሉ ነፋ። "ቀስ! ሰው ነው!" አለችው። ቀስ አለ። የትንሹ ደረት ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ነፋ። ያ ላሜራ ሲቀጠቅጥ የኖረ እጅ አሁን አንድ አገጭ፣ ልክ ሳይበልጥ ሳያንስ፣ ይዞ መቆየት ነበረበት።

መኪና ያለው አናጢው ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን በሁለት እጇ ስትደበድብ መጣ፤ ቀኝ ዓይኑ እንደ በሰለ ቲማቲም አብጦ ተዘግቷል። አልጋው ላይ ያለውን አየና ምንም አልጠየቀም። ጎንበስ ብሎ የትንሹን እግር ያዘ፤ እየተጋጩ፣ እየተረጋገጡ ጣውላ የሚጫንበት መኪናው ላይ ጫኑት።

"አንዱን ዓይኔን ራስህ ነህ የዘጋኸው" አለ አናጢው ሞተሩን እያስነሳ። "በቀረችው ነው የምነዳው። እንግዲህ ጸልይ።"

ጋሽ ጓ ግን መጸለይም መሳደብም አልቻለም፤ አፉ ሥራ ላይ ነው። መኪናው ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲዘል ጣውላው ጎኑን ይወጋዋል፣ ፍቅፋቂ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፣ ልብስ ሰፊዋ የወንድሙን ራስ በጉልበቷ ደግፋ ትቆጥርለታለች። አራት፣ አምስት፣ ንፋ። አናጢው አንድ አጥር ገጨ፣ የአንድ ፌርማታ ወንበር ይዞ ሄደ፣ ጥሩምባውን ሳይለቅ በቀይ መብራት አለፈ። በየትንፋሹ መሐል ጋሽ ጓ አንዲት ነገር በልቡ ይላል፦ ውጣ። ውጣ። ውጣ። መልስ የለም።

በሩ ላይ ያ ዘበኛ ነበር። ጋሽ ጓን አወቀው፤ አፉን ሊከፍት ብሎ ተወና በሩን በሁለት እጁ በረገደው።

ሲስተሯ መርፌውን ጭኑ ላይ ወጋችው፤ ደህናው ጭን ላይ። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። ሌላ ሰጠችው። እና ትንሹ፣ ከውሃ ሥር እንደወጣ ሰው፣ አየር እየማገ ዓይኑን በረገደ። ሕመሙም ሁሉ፣ አንዱ ሳይቀር፣ በአንድ ጊዜ ተመለሰበት። አገሳ፤ የደም ሥሮቹ ተገታተሩ፤ ቀኝ እጁን ሰነዘረና ፊት ለፊት ያገኘውን ነገር በሙሉ ኃይሉ መታ። ፊት ለፊት የተገኘው ነገር የጋሽ ጓ አፍ ነበር። ያቺ በጥፊ ዝም ያለች ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለች።

ጋሽ ጓ ደም እየተፋ ሳቀ። "መታኝ! አያችሁ? መታኝ እኮ!" እያለ ዘበኛውን አቀፈው፤ ዘበኛውም ሳያስበው አቀፈው።

"ገና አትሳቅ" አለች ሲስተሯ። "ያነቃው መርፌ ቶሎ ያልቃል። የሰጠኸው ግን ገና ሰውነቱ ውስጥ ነው።"

እውነቷን ነበር። ሰዓት ሳይሞላ የትንሹ ዓይን እንደገና መከደን፣ ትንፋሹ መራራቅ ጀመረ። ደግማ ወጋችው፤ አሁን ግን መጠኑን አሳንሳ፣ ከአጠገቡ ሳትለይ። እንዲህ ሲሉት ሲሉት አደረ።

በማግስቱ ሐኪሙ መጡና ትንሹን መረመሩ። ማንንም አልተቆጡም፤ ጋሽ ጓን ያስጨነቀው ይኸው ነው፣ ቢመቱት ይሻለው ነበር።

"ሕመሙ እውነት ነው" አሉ። "የተሰጠው መጠን አልበቃውም ነበር። ደውላችሁ ብትነግሩን እኛ እያየን እናስተካክለው ነበር። መድኃኒቱ ጥሩ ነው፤ ሰዓቱንና ልኩን ብቻ ነው የሚፈልገው።"

ልኩን አስተካከሉለት። ሲስተሯም ለልብስ ሰፊዋ የዚያን የማንቂያ መድኃኒት አፍንጫ ውስጥ የሚረጨውን ዓይነት ሰጥታ አሠራሩን አሳየቻት። ለጋሽ ጓ ደግማ አሳየችው። በሦስተኛው ራሱ ደግሞ አሳያት።

ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ጋሽ ጓ ድምፁን ሊያሳንስ ሞከረ፤ ኮሪደሩ ብቻ ሰማ።

"ትንሹ፣ ክሪኩ አይደለም። እኔ ነኝ። 'ውጣ' አላልኩህም።"

ትንሹ ጣሪያውን አየ።

"አውቃለሁ" አለ። "ሥር ሆኜ ሰምቼዋለሁ እኮ። ያንተን ምት ካገር መዶሻ ሁሉ እለየዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"ስትነግረኝ ልምታህ ብዬ ነው የጠበቅኩት። ጥርስህን በስህተት አስቀደምኩት እንጂ።"

ቤት ሲመለሱ ጋሽ ጓ የመጀመሪያ ሥራው የብረት ሣጥን ነበር። ከሦስት ሚሊ ሜትር ላሜራ ቆርጦ በየደው፣ ግድግዳው ላይ በአራት ብሎን አሰረው፣ ቁልፉን ለልብስ ሰፊዋ ሰጠ። ራሱ እንኳ በአምስት ኪሎው ቢመጣ እንዳይሰብረው አድርጎ ነው የሠራው፤ ሞክሮታል። የስፌት መኪናውንም መሳቢያ አናጢው አዲስ ሠራላት፤ መጋዙንም ከዚያ ወዲያ በጠዋት ብቻ ያስነሳው ጀመር፣ ጋሽ ጓ ሳይጠይቀው። ልብስ ሰፊዋ ግን "ጋሼ"ን እስክትመልስ ሁለት ወር ፈጀባት።

ከሁሉ የከበደው ግን የከሰዓት በኋላው ነበር። አሁንም ሕመሙ ይመጣል፤ ቢቀንስም ይመጣል። ትንሹ ይሰድበዋል፤ ጠላቴ ይለዋል፣ ድንጋይ ይለዋል፣ ደንቆሮ ይለዋል፤ ያገኘውን ይወረውርበታል፣ አንድ ቀን ምርኩዙን ወርውሮ ግንባሩን ፈነከተው። ጋሽ ጓ መዶሻዋን ደጅ ትቶ፣ ሁለት እጁን ከጭኑ ሥር አድርጎ ተቀምጦበት፣ ደሙ በአፍንጫው እየወረደ ቁምሳጥኑ በር ላይ ያለውን ጠመኔ ያነባል።

"ሽሮፑን ወስደሃል። ሃምሳ ደቂቃ ቀርቷል። ልደውል?"

"ደውል!"

ይደውላል። ሲስተሯ የምትለውን ያደርጋል። አንዳንዴ "ይጠብቅ" ትላለች። ይጠብቃል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ብረት ደብድቦ እንደዚያ ደክሞት አያውቅም።

ሐኪሙ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየቀነሱለት፣ በስምንተኛው ወር መድኃኒቱ አበቃ። ሣጥኑ ውስጥ ዘጠኝ ክኒን ተርፏል። አናጢው ወገቡን ይዞ መጣና "እንግዲህ ከተረፈ አንዷን..." ሲል ጋሽ ጓ ያየው አስተያየት ወገቡን አድኖታል፤ ቀጥ ብሎ ነው የሄደው። ክኒኖቹን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፋርማሲስቱ ሊመልስ ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ መዶሻዋን ከወገቡ ፈታና ሳይጠየቅ ለዘበኛው ሰጠ።

"ጠብቅልኝ፣ ወንድሜ።"

"ምነው ዛሬ?"

"ውስጥ የሚመታ ነገር የለም።"

ትንሹ በምርኩዝ ጋራዥ የተመለሰ ቀን ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ከበበው። እሱ ግን ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ባለጋራዡ በገዙት አዲስ ክሪክ የተነሳውን መኪና ዞር ብሎ አየና፣ ሰው ሲከለክለው እየሰደበ፣ በጎኑ ተንሸራቶ ሥሩ ገባ። ከውስጥ ብሎን ሲያንኳኳ ተሰማ።

ጋሽ ጓ አምስት ኪሎውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆመ። ላብ አጠመቀው።

"ውጣ!" አለ። ጣሪያው ተንቀጠቀጠ።

ከሥር ዝምታ ሆነ። ቀለም ቀቢው አፉን ከፍቶ ቀረ። ጋሽ ጓ አልተንቀሳቀሰም። መዶሻው ትከሻው ላይ፣ እጁ መያዣው ላይ፣ ጠበቀ። ጠበቀ። እንዲህ ሊመሽ ይችል ነበር፣ እሱ ግን ይጠብቅ ነበር።

ቆሻሻ እግር፣ ከዚያ ሌላኛው፣ ብረት ያለበት፣ ከመኪናው ሥር ብቅ አለ። ከዚያ ሰፊ ትከሻ፣ ከዚያ በዘይት የጠቆረ ፈገግታ።

"ወጥቻለሁ" አለ ትንሹ። "ምታ!"

ጓ!